ጳጉሜ ስድስት

በየዓመቱ ነሐሴ ሠላሳ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የድሬዳዋ ሰው ፍራሹንና የውሃ ጄሪካኑን ተሸክሞ ወደ መሬት ሥር ይወርዳል። ጦርነቱ በገባ በሰባተኛው ዓመት ነገሩ ተለምዶ ነበር። ባለሱቆች ከነሐሴ ሃያ ጀምሮ በሶ፣ ሻማ፣ የእግር ዱቄትና የመጫወቻ ካርታ ከፊት መደርደሪያ ላይ ያወጣሉ። ፀጉር ቤቶች ወረፋ ይበዛባቸዋል፤ አምስት ቀን ታፍኖ ለሚሰነብት ሰው አጭር ፀጉር ይሻለዋል። ሰርግ ያለበት ቀደም ያደርጋል። መውለጃቸው የደረሰ ሴቶች ወደ ሆስፒታሉ ምድር ቤት አስቀድመው ይገባሉ። ላይ የሚቀሩት ውሾች ብቻ ናቸው። እነሱም ከጊዜ ብዛት ለምደውት፣ ሰው ዕቃውን መጠቅለል ሲጀምር በደረቁ ወንዝ በኩል አድርገው ከድልድዩ ሥር ይገባሉ፤ ሰማዩ ሲዘጋ ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው ተመልሰው አስፋልቱ መሐል ይተኛሉ።

ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ከተማዋን በባሕር በኩል ከመጣው ጦር የሚጠብቃት ጥላ ከአውሮፓ አጋሮች የተሰጠ ነው። ጥላው ሲዘረጋ፣ ሰው «ዝንብ» የሚላቸው የወራሪው በራሪዎች ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ እየተቃጠሉ ይወድቃሉ። ሲታጠፍ ዝንቦቹ እንደልባቸው ይገባሉ። ስምምነቱ በ2060 ዓ.ም. ሲፈረም «ለአሥራ ሁለት ወራት፣ እያንዳንዱ ወር ሠላሳ ቀን፣ በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን የሚቀጥል» ተብሎ ተጻፈ። ጳጉሜን የጻፋት ሰው የለም። ማን እንደረሳት እስከዛሬ አልታወቀም። የእኛዎቹ የእነሱ ጥፋት ነው ይላሉ፣ የእነሱዎቹም የእኛ ነው ይላሉ።

ስህተቱ የታየው በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ነበር። ማረም ግን አልተቻለም። አንድ አንቀጽ ለማረም ስምምነቱ መከፈት አለበት፤ ከተከፈተ፣ መውጫ ሲፈልጉ የከረሙ ሁለት አገሮች በዚያው ይወጣሉ፤ እነሱ ከወጡ የተቀሩትም ማመንታታቸው አይቀርም። ስለዚህ ማንም አልነካውም። በየዓመቱ ጳጉሜን ሰማዩ ክፍት ይሆናል፤ ሰውም ይወርዳል።

ኤልዳና የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች። ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ለልጆች ሒሳብ ስታስተምር ኖራለች። ባሏ ዮፍታሔ የባቡር መካኒክ ነበር። አርባ ዓመት በጋራዡ ውስጥ የባቡር ጎማ በመዶሻ እየመታ ድምፁን ሲያዳምጥ ኖሯል። ጤነኛ ጎማ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ጎማ ግን ድምፁ ይታፈናል። ልማዱ ጡረታ ሲወጣም አልለቀቀውም። ብርጭቆ ይሁን በር ወይም ሐብሐብ፣ ያገኘውን ሁሉ በጣቱ አጥንት ሁለት ጊዜ መትቶ ጆሮውን ይሰጣል። ከጋራዡ ያተረፈው አስም ሲነሣበት ደረቱን ሁለት ጊዜ ይመታና «ገና ነው፣ ይሄዳል» ይላል። ሚስቱን «ኤልዱ» ነው የሚላት።

የኤልዳና ሥራ ማመስገን ነበር። የከተማው ሰማይ ሰፈር በሰፈር ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ሰፈር ጥላውን የምትሰጠው አንዲት የአውሮፓ ከተማ አለችው። የኤልዳና ሰፈር የገንደ ሐዲድ ሰማይ በብሬንስታድ እጅ ነበር። ብሬንስታድ ብርድ አገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ዘጠኝ ሰዎች ያሉበት ምክር ቤቷ በየዓመቱ የእኛ መስከረም አንድ ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ይቀጥል ወይስ ይብቃ ብሎ እጅ ያወጣል። ከዚያ በፊት ከሰፈሩ የተመረጠ አንድ ሰው በስክሪን ቀርቦ ያመሰግናል። የተመረጠው ሰው ፊቱ የተመዘገበ ነው፤ በሌላ አይተካም።

የሚመራበት መመሪያም ነበረው። ነጭ ልብስ ይለበስ። ለቅሶ አይኑር። የሞተ ሰው ስም አይጠራ፤ አንድ ሰፈር ሰባት ስም ዘርዝሮ ተመልካቾቹ ስለተረበሹ በድምፅ አሰጣጡ ተጎድቷል። ተስፋ የቆረጠ መምሰል አይገባም፤ የተመቸው መምሰልም አይገባም። አንድ ደስ የሚል ነገር ይጠቀስ። ሌላ ነገር አይጠየቅ። ኤልዳና የተመረጠችው የአስተማሪ አነጋገር ስላላት ነው፤ ቃሏን ትመጥናለች፣ የሚቆምበትንም ታውቃለች። ዮፍታሔ ግን ሲያላግጥባት፣ ድሬ ውስጥ ማመስገን የምታውቅ ሴት አንድ ብቻ ስለተገኘች ነው ይል ነበር።

በ2063 ነሐሴ መጨረሻ የሰፈሩ ሊቀመንበር ናታን ቤቷ ድረስ መጥቶ የሰማውን ነገራት። ብሬንስታድ ውስጥ ከዘጠኙ አራቱ፣ አራት ዓመት ይበቃል ማለት ጀምረዋል። አራቱ እንደ በፊቱ ናቸው። አንዱ አልወሰነም። ገንደ ሐዲድ ውስጥ ሦስት ሺህ ሰው ይኖር ነበር። ናታን ሻዩን ሳይጨርስ ሲወጣ፣ ዘንድሮ በደንብ መተኛት እንዳለባት፣ የደከመ ፊት እንደማይወደድ አሳሰባት።

ከገንደ ሐዲድ መጠለያዎች አንዱ፣ የእነ ኤልዳና፣ በድሮው የባቡር ጋራዥ ሥር የተቆፈረ ዋሻ ነው። በረኛው ኢዮስያስ የሚባል ቀጭን ሰው ነበር፤ ከኤልዳና ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። በነሐሴ ሠላሳ አመሻሽ ስልክ በሙሉ እየሰበሰበ ደጅ ካለው የብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ የስልክ ምልክት ዝንብ ይጠራል፣ ብረቱ ግን ያፍነዋል። ከዚያ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አስገብቶ በሩን ዘጋ። በሩ አንዴ ከተዘጋ ሰማዩ እስኪዘጋ አይከፈትም። ዝንቦቹ የሚፈልጉት ሙቀት ነው፤ የሁለት መቶ ሰው ሙቀት በአንድ በር ሲወጣ ከሩቅ ይታያቸዋል። ባለፈው ዓመት በሌላ ሰፈር አንድ በረኛ፣ የበዓል ገበያ እንዳያመልጣቸው ብለው ሲለምኑት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ከፍቶ፣ አርባ ሰው በሩ ላይ አልቋል። ከዚያ ወዲህ የሚለምን አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሌላው ዓመት አለፉ። ከላይ ሲመታ አፈር ይራገፋል፤ ሰው ካርታውን አራግፎ ይቀጥላል። ልጆች በሹክሹክታ መጣላት ተምረዋል። በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ላይ ዝናብ ጣለ፤ ሰው የሚጠመቅበት ዝናብ በኮርኒሱ ስንጥቅ በኩል ጠብ ጠብ ይል ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን አሰልፈው ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጠብታ በግንባሩ አስደረጉ። ኤልዳና በመዳፏ ተቀብላ የዮፍታሔን ፊት አበሰችው። ጎረቤታቸው ሀያት፣ እስላም ናት፣ «ለእኔም ትንሽ፤ ዝናብ የሁሉም ነው» ብላ ግንባሯን አቀረበች።

ዮፍታሔ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ደረቱ ከብዶት ነበር። የሚራገፈው አፈር አልተስማማውም። ኤልዳና የአስም ፓፉን ለስድስት ቀን እንዲበቃ አድርጋ መጥናለት ነበር። አንድ ቀን የጨመረችው ለጥንቃቄ ነው ብላ አስባለች፤ እንዲህ ያስደረጋት ግን እጇ ነው፣ ልቧ ገና አልደረሰበትም ነበር። እሱ ደግሞ እሷ ስታሸልብ እየሰረቀ ይስብ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኢዮስያስ የበሩን ማጠፊያ ዘይት መቀባት ጀመረ። ነገ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚከፍት፣ ሁሉም ጫማውን ፈልጎ እንዲያገኝ ተናገረ። ሰው ፍራሽ ማጠፍ ያዘ። ኤልዳናም ብርድ ልብሱን ይዛ ጫፍና ጫፉን ስታገጣጥም ቆም አለች። በጣቶቿ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«ኢዮስያስ፣ ዘንድሮ ማን ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ወንጌላዊው። የምንወጣበት ዓመት የማን ነው?»

ኢዮስያስ የዘይት ጣሳውን መሬት አስቀመጠ።

«ሉቃስ ነው» አለች ኤልዳና። «በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት። ነገ ስድስት ነው እንጂ መስከረም አይደለም። ነገ ብትከፍት ክፍት ሰማይ ሥር ነው የምታወጣን።»

ጥላው ከመጣ ይህ አራተኛው ጳጉሜ ነው፤ ያለፉት ሦስቱ አምስት አምስት ቀን ነበሩ። ስድስተኛዋን ቀን ሁሉም ረስቷታል። አንዲት ሴት ከቦርሳዋ የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር አወጣች፤ ባለ ካርቶን፣ ጠርዙ የተበላ። በሻማ አዩት። ስድስት ይላል። ኢዮስያስ መሬት ቁጭ አለ። ሁሉም ባለፈው ዓመት በሩ ላይ ያለቁትን አርባ ሰዎች ነው ያሰበው። ከዚያ አንዱ የኤልዳናን ትከሻ ሳመ፣ ሌላው እጇን ያዘ። ሀያት አቅፋ አልለቅ አለቻት።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነፍስ በጣትሽ ቆጥረሽ አተረፍሽ» አለቻት።

ዮፍታሔ ግድግዳውን እንደተደገፈ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። ሳሉ ሲለቀው «አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ላይ ስትቆጥር የኖረችው ሴት ይኸው ዛሬ ለሕዝብ ጠቀመች» አለ። ኤልዳና ያን ዕለት ኮርታ ነበር። በኋላ ስታስታውሰው በጣም የሚከብዳት ይኼ ነው፤ ብርድ ልብሱን ዘርግታ እንደገና ስታነጥፍ ኮርታ ነበር።

ስድስተኛው ቀን ፀጥ ያለ ሆነ። ከሩቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ድም ድም አለ፤ ከዚያ ምንም የለም። አፈር አልተራገፈም። ሰው ፀጥታውን አልወደደውም። አንዳንዱ ዝንቦቹ ሰው እስኪወጣ እያደቡ ነው አለ፤ አንዳንዱ ትልቅ ነገር ሊመጣ ነው አለ። ሁሉም ድምፁን ከሌሎቹ ቀናት የበለጠ ዝቅ አደረገ።

ሦስት ሰዓት ላይ ፓፉ አለቀ። ኤልዳና አራግፋ ሞከረችው፤ አየር ብቻ ነው የወጣው። በመጠለያው ያለውን ሁሉ ጠየቀች። አንድ ልጅ ግማሽ ያህል ነበረውና እናቱ ሁለት ጊዜ እንዲስብ ፈቀደች፤ ሦስተኛውን ግን ልጇን አይታ እጇን መለሰች። ኤልዳና አልተቀየመቻትም። እስከ ስድስት ሰዓት ዮፍታሔ ትከሻው ከጆሮው ጋር እየተገናኘ ነበር የሚተነፍሰው። ማራገቢያ ስላልነበረ በዚያው ካሌንደር አራገበችለት። ከዋሻው በር እስከ ሆስፒታሉ በባጃጅ ስምንት ደቂቃ ነው። እዚያ ኦክስጅን አለ፤ ሐኪሞቹም ጳጉሜን ከምድር ቤቱ አይወጡም።

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች።

«ኢዮስያስ፣ ክፈትልኝ» አለችው። «ለእኔና ለእሱ ብቻ። ወጥተን ሳንጨርስ መልሰህ ዝጋው። እስከ አሥር አትቆጥርም።»

ሙቀቱን ታውቂዋለሽ አላት። አውቀዋለሁ አለችው። እሱን ማን ይሸከመዋል አላት። እኔ አለችው። ሀያት መጥታ ከጎኗ ቆመች፤ ይከፈትላት፣ የመጣው ይምጣ አለች። ሦስት ልጆች ያሉት አንድ ሰው ደግሞ መጥቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። አልተቆጣም፣ ኤልዳናንም አላያትም፤ ጫማውን ነበር የሚያየው።

ኢዮስያስ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ኤልዳና» አላት፣ እንደሚለምን ሰው። «እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት ልከፍት ነበር። ስድስት ናት ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

እውነት ነበር። እዚያ ቆማ ሳለ ከኋላዋ ሁለት ጊዜ የብረት ድምፅ ሰማች። ዮፍታሔ አጠገቡ ያለውን የብረት ምሰሶ በጣቱ አጥንት እየመታ ነው የጠራት። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ተያቸው አቦ» አላት፤ በየቃሉ መሐል ያርፋል። «ሰው አታስጨንቂ። ለነገ ያስቀመጥኳት… ትንሽ ትንፋሽ አለችኝ።»

ከዚያ ደረቱን ሁለት ጊዜ መታ። ጆሮውን ሰጠ፣ እንደ ድሮው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። ኤልዳና «ይሄዳል» እስኪል ጠበቀች።

«ተሰንጥቋል፣ ኤልዱ» አላት።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አረፈ። በዋሻ ውስጥ ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነው፤ ዝንብ ድምፅም ይሰማል ይባላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው አለቀሱ። ኤልዳና አልጮኸችም፣ ፊቷንም አልነጨችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አንገቷ ሥር፣ ከአገጯ አጠገብ አመጣችው። ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው አዘቀዘቀችው። ሻማው ወደ እሷ ሲጠጋ ያዩ ሴቶች አንድ በአንድ የራሳቸውን አዘቀዘቁ። ሀያት ነጠላ ስላልነበራት ከአንዷ ተዋሰች። በዚያ ፀጥታ፣ እስኪነጋ፣ ከሬሳው ጋር ተቀመጡ።

መስከረም አንድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኢዮስያስ በሩን ከፈተ። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ደጅ ምሰሶ ላይ ያለው፣ ጥላው መዘርጋቱን የሚያሳየው መብራት አረንጓዴ ነበር። ዮፍታሔን በፍራሹ ይዘው ሲወጡ ኤልዳና አንድ ነገር አየች፤ ውሾቹ አስፋልቱ መሐል ተኝተዋል። አንዷ ውሻ ያለችበት አቧራ የገላዋን ቅርፅ ይዞ ጎድጉዷል፣ ከትናንት የተኛች ነው የሚመስለው። አየችው እንጂ አላሰበችበትም። ከድልድዩ ሥር ሰማዩ ሳይዘጋ እንደማይወጡ ለማስታወስ ያን ጊዜ ልብ አልነበራትም።

በሁለት ሰዓት ተኩል ተቀበረ። የእድሩ ሰዎች ገና እግራቸው ከመሬት ሥር መውጣቱን ሳያምኑ መልሰው መሬት ቆፈሩ። በዓል ስለሆነ ቄሱ አሳጠሩት። አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ናታን መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። ሌላ ፊት እንዳልተመዘገበ፣ ሰዓቱም አራት ሰዓት እንደሆነ፣ ያ ያልወሰነ ሰውዬ ዛሬም እንዳልወሰነ ነገራት። ይቅር ብትል እንደማይፈርድባት አልሸሸገም፤ ግን ሰማዩ ከነገ ጀምሮ የማን እንደሚሆን እሱም አያውቅም።

«እመጣለሁ» አለችው። «ነጠላዬን ግን አልመልሰውም።»

ናታን መመሪያው ነጭ ይላል እንጂ ስለ አለባበሱ እንደማይናገር አስታወሰና እሺ አለ።

ስክሪኑ ያለው በተዘጋው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። እንደ ልማዱ ሃያ የሰፈር ሰው ከኋላዋ ቆመ፤ ሁሉም ከቀብር በቀጥታ የመጡ ናቸው። ኢዮስያስም ነበር፣ ሀያትም። ዘጠኙ የብሬንስታድ ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኢንገር ናት፤ ፀጉሯ የነጣ፣ ፊቷ ደግ ሴት። ስትናገር ድምፁ የራሷ ነው፣ አማርኛው ግን የማሽኑ። ድሬ ውስጥ ልጁም ሽማግሌውም አንቺ ነው የሚላት፤ በዓመት አንዴ እርስዎ የሚላት ይኼ ማሽን ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ኢንገር እንኳን አደረሰዎት አለች። እነሱ ጋ ቅዝቃዜው እንደጀመረ ነገረቻት። ከዚያ ፈገግ አለች።

«ትናንት ግን አስጨንቃችሁን ነበር» አለች። «ጥላው ከንጋት ጀምሮ ተዘርግቶ ነበር። ከላይ ስናይ ከውሾች በቀር አንድም ሰው አልወጣም። በዓሉን ቤት ውስጥ የምታከብሩ መሰለንና ስብሰባውን ለዛሬ አዛወርነው።»

«ትናንት?» አለች ኤልዳና።

«አዎ፣ በአዲስ ዓመታችሁ። በእኛ ካሌንደር በየዓመቱ የሚውለው በአንድ ቀን ነው። ማሽኑ ቀኑን ያውቀዋል፤ ማንም ሳይነካው ራሱ ይዘረጋል። ማስታወቂያውም ለየስልካችሁ ተልኮ ነበር።»

ስልኮቹ ደጅ፣ የብረት ሳጥኑ ውስጥ ነበሩ።

ኤልዳና መቁጠር ጀመረች። ሳትፈልገው ነው፣ ጭንቅላቷ የሠለጠነው ለዚያ ነውና። ከንጋት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት፣ ሙሉ አሥር ሰዓት። ስምንት ደቂቃ በባጃጅ። በየመጠለያው አንድ የሚቆጥር ሰው ተገኝቶ ኖሯል፤ መላው ከተማ በተዘጋ ሰማይ ሥር ተደብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በካሌንደር እየተራገበ ውሏል። ከኋላዋ ኢዮስያስ የሆነ ድምፅ አወጣ፣ ሰው ደረጃ ሲስት እንደሚያወጣው ያለ። ስክሪኑ ሥር ጽሑፍ ብልጭ አለ፤ ማሽኑ ዝምታዋን ተርጉሞ ለማዶዎቹ ማስረዳቱ ነበር፤ «ተናጋሪዋ በደስታ ስሜት ተውጠዋል።»

ካሜራው ጎን ናታን መዳፉን አንሥቷል። ምንም እንዳትናገር ነው።

ከጠረጴዛው ጫፍ ጢም ያለው ወጣት ሰው እጁን አወጣ። ያልወሰነው እሱ መሆኑን ናታን በፎቶ አሳይቷት ነበር። ልጠይቅ አለ።

«ባለፈው ዓመት የለበሱት እንዲህ አልነበረም» አለ። «ባለቀለሙ ጠርዝ ፊትዎ አጠገብ መጥቷል። ሁላችሁም እንዲሁ ናችሁ። በጣም ያምራል። ለአዲሱ ዓመት ነው?»

ኤልዳና ከኋላዋ የሃያ ሰው ትንፋሽ ሲቆም ሰማች። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃል። የሞተ ሰው ስም አይጠራ። ሦስት ሺህ ሰው። ከሦስቱ ሺህ አንዱ ዛሬ ጠዋት ጎድሏል፤ እሱ ብቻ ነው ከዚህ ሰማይ ነፃ የወጣው።

«አዎ» አለች። «ለዛሬ ብለን ነው።»

ከዚያ እንደ ወትሮው አመሰገነች። ቃሏን መጠነች፣ የሚቆምበትም ቦታ ላይ ቆመች። ወይዘሮ ኢንገር፣ የሚጠቅሱልን ደስ የሚል ነገር ካለ አለች።

«ትናንት» አለች ኤልዳና፣ «በጣም ፀጥ ያለ ቀን ነበር።»

አምስት ለአራት ሆኖ ጥላው ቀጠለ። ጢም ያለው ሰው እጁን ከሁሉም ቀድሞ ነው ያወጣው።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ኢዮስያስ ብቻ ቀረ። የልጆች መቀመጫ ላይ፣ ከአጠገቧ ቁጭ አለ፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ።

«ረስቼው ነበር እኮ» አላት።

«ምነው እንደረሳኸው በቀረህ» አለችው። «ምነው እኔም አብሬህ በረሳሁ።»

ተነሥተው አዳራሹን ዘግተው ወጡ።

ናታን በዚያው ወር ስለ ስድስተኛዋ ቀን ለአጋሮቹ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ አቤቱታው ተመዝግቧል፣ ቀኗ ተመልሳ በምትመጣበት በ2067 ይታያል ይላል። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ቄሱ በጳጉሜ አምስት ይደረግና ጥቁርሽን አውልቂ አሏት። ኤልዳና እምቢ አለች። በአምስተኛው ቀን ዮፍታሔ ሕያው ነበር፤ ግድግዳ ተደግፎ ይስቅባት ነበር። የሞተው በስድስት ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ስድስት የለችም፤ በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም።

ነሐሴ ላይ የዓመቱ መመሪያ ከብሬንስታድ መጣ። እንደ ድሮው ነበር፤ ነጭ ልብስ፣ ለቅሶ አይኑር፣ ስም አይጠራ። መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ተጨምሯል። ነጠላ የሚለብሱ ሁሉ ባለቀለሙን ጠርዝ ወደ ላይ፣ ፊት አጠገብ እንዲያደርጉት፤ ባለፈው ዓመት እጅግ ተወዷል።

ጳጉሜ አምስት ቀን ሆነች። ወረዱ፣ ወጡ። መስከረም አንድ ረፋድ አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሰው ተሰለፈ፤ ዘንድሮ ልጆችም ተጨምረዋል። አንዳንድ እናቶች በልጅ ላይ ሐዘን አናለብስም ብለው አመንትተው ነበር። ናታን ለመናቸውና አዘቀዘቁላቸው። ልጃገረዶቹ አደይ አበባ ይዘው፣ ጥለቱን አገጫቸው ሥር እያስተካከሉ ይሣሣቃሉ፤ ለአዲስ ዓመት የሚለበሰው እንዲህ መስሏቸዋል።

ኤልዳና የራሷን መገልበጥ አላስፈለጋትም። ዓመቱን ሙሉ እንዳዘቀዘቀችው ነበር። ሀያት ብቻ መጥታ ትከሻዋ ላይ አቃናችላት።

አራት ሰዓት ሆነ። ዘጠኙ ሰዎች ብቅ አሉ። እንኳን አደረሰዎት አለ ማሽኑ።

ኤልዳና ፊቷ ያለውን ጠረጴዛ በጣቷ አጥንት ሁለት ጊዜ መታችው። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ማመስገን ጀመረች።